ዳር ላይ የምትዞረዋ

የሻረግን ለወንድሜ ለክንዴ የሰጠኋት በአርባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የጥቅምት ጊዮርጊስ ዕለት ነው። አምስት ዓመቷን ገና መያዟ ነበር።

ክንዴ ታላቄ ነው። ከእንጅባራ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ደህና መሬት፣ ደህና ከብት ነበረው፤ ያጣው ልጅ ብቻ ነው። ሚስቱ ደጊቱ ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ክርስትና ሳይነሡ ቀበረች። ከሦስተኛው በኋላ ሴትዮዋ ከሰው ተለየች፤ ስትጠራ አትሰማም፣ እህል አትቀምስም። ሁለት ጊዜ ከመንደሩ በታች ካለው ሐይቅ አፋፍ ላይ ጎረቤት እጇን ይዞ መልሷታል። እኛ ቤት ደግሞ አምስት ልጆች ነበሩ፤ የሻረግ የመጨረሻዋ ናት።

አንድ ቀን ክንዴ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ። ግባ ብለው አልገባም።

«ደጉ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው» አለኝ።

ሌላ አልጨመረም። ምን ሊለኝ እንደመጣ ግን ገብቶኛል። ሚስቴ ወርቅነሽም ጓዳ ሆና ገብቷታል፤ ዱቄት ስትነፋበት የነበረው ወንፊት ድምፁ ቀጥ ሲል ሰማሁት።

በአገራችን ልጅ ለማሳደግ ሲሰጥ ማር ይቀርባል። ተቀባዩ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ልጁን ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ የጡት ልጁ ነው፣ ከአብራኩ ከወጣ አይለይም። ሰጪው ደግሞ ይምላል፣ ቄስ ይገዝተዋል። እኔንም መምሬ አድማሴ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ልጄ ናት ብለህ ከወንድምህ ቤት ብታወጣት እንደ አርዮስ፣ እንደ ይሁዳ ሁን!» ብለው ገዘቱኝ። «ይሁን» አልሁ። የሻረግ የክንዴን አውራ ጣት ጠብታ ስትጨርስ ወደኔ ዞራ፣

«ይጣፍጣል» አለችኝ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

እንግዲህ እኔ ግዝት የሚያስፈራኝ ሰው ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የተገዘተ ሰው ቃሉን ቢያፈርስ ግዝቱ በልጁ ላይ ይወርዳል ትለን ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዕለት ጀምሮ የሻረግን ልጄ ማለት ተውሁ። ቀጥዬ በሰው ፊት ስሟን ማንሣት ተውሁ። ቀጥዬ ወደ ክንዴ ቤት የሚያደርሰውን መንገድ ተውሁ። ወርቅነሽ፣ «አንድ ቀን እንኳ አይተናት እንምጣ» ስትለኝ «ግዝት አለብኝ» እላታለሁ። እሷም በሦስተኛው ዓመት ሳታያት ዐረፈች። ልጆቹ እየራሳቸው ወጡ፤ እኔም መሬቴን ለታላቁ ልጄ ትቼ ዳንግላ ወረድሁና ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርሁ።

በአርባ ስምንት ዓ.ም. እንጅባራ ላይ ተስቦ ገባ። ለገበያ የመጣ ሰው ፈልጎ አገኘኝ።

«ክንዴ ነው የላከኝ» አለ። «ልጅቱን ይዟታል። አባቴን ጥሩልኝ ትላለች። እሱ እጇን ይዞ ‹አለሁ› ሲላት፣ ‹አንተን አይደለም› ትለዋለች። ‹ይድረስልኝ› ብሎሃል።»

በቅል ጠበል ቀድቼ ሊነጋጋ ሲል ወጣሁ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከክንዴ የቀርከሃ አጥር ደረስሁ። ልጄ ትጣራለች። በቤታችን አጠራር፣ «አባዬ፣ አባዬ» ትላለች፤ ድምፅዋ እንደ አሮጊት ሰልሏል። በሩን ገፋ አድርጎ «አቤት ልጄ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይችን ቃል ካወጣሁ ግዝቱ በማን ላይ ይወርዳል? በሞትና በሕይወት መካከል በተኛችው ልጅ ላይ። ቃሉን ዋጥሁት። ሲያንቀኝ አሳለኝ። ቅሉን ከበሩ ካስማ ላይ አንጠልጥዬ በመጣሁበት ተመለስሁ።

ልጅቱ ዳነች። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ቃሌን ስለጠበቅሁ ማረልኝ አልሁ። እንዲህ ብዬ ኖርሁ፤ እውነቴን ነው።

የትምህርት ቤት ዘበኛ ሥራው ብዙ አይደለም። ዋርካው ላይ የተሰቀለችውን የመኪና ቸርኬ በሰዓቱ መደወል፣ ግቢውን መጥረግ፣ በርሜሉን ውኃ መሙላት። እኔ ከፊደልና ከዳዊት አላለፍሁም፤ ግን በመስኮቶቹ ሥር እየጠረግሁ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ብዙ ነገር ገባኝ። ማካፈል የተማርሁ በአራተኛ ክፍል መስኮት ነው። ዝናብ ከየት እንደሚመጣ በስድስተኛ። መምህራኑም አውቀውብኛል፤ «አያ ደጉ፣ ዛሬ ትምህርቱ በስተግራ ነው፣ ወደዚያ ጥረግ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

በአምሳ ዘጠኝ መስከረም ዳይሬክተሩ አዲስ የሳይንስ መምህርት ይዞ ግቢውን ሲያሳይ ወደኔ መጣ። ቀጭን ናት፣ ጠይም፤ ፀጉሯን ወደኋላ አስራዋለች። ወርቅነሽን አየሁ ብዬ መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

«ይኼ ዘበኛችን ነው፣ አያ ደጉ» አለ ዳይሬክተሩ።

«አውቃቸዋለሁ» አለች። «አጎቴ ናቸው።»

ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። ከዚያ የክፍሎቹ መስኮት ስንት መስታወት እንደጎደለው ጠየቀችኝ። ስንት እንደጎደለው ነገርኋት።

በዚያ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው። ያን ቀን ከአጥሩ ለምን እንዳልገባሁ ልነግራት። ከነገርኋት ግን ልጄ ነሽ ማለቴ ነው፤ ግዝቱ አለ። ስለዚህ እንደልማዴ በመስኮቱ ሥር መጥረግ ያዝሁ። እሷ የምታስተምርበትን የስምንተኛ ክፍል ደጅ እንደዚያ ዓመት ንጹሕ አድርጌው አላውቅም።

መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ ነው። እሷ አንዴ በእንግሊዝኛ ካነበበች በኋላ ሰው እስኪገባው ባማርኛ ትደግመዋለች። ታኅሣሥ ውስጥ ነው፣ አንድ ሐሙስ፣ ስለ አቶም ጀመረች።

«አቶምን እንደ ግቢ አስቡት» አለች። «መካከል ላይ ቤቱ አለ፤ ከባዱ ነገር ሁሉ እዚያ ነው የተከማቸው። ኤሌክትሮኖች እጅግ ቀላል ናቸው፤ ቤት ገብተው አይቀመጡም፣ ግቢውን ይዞራሉ። የሚይዛቸው የቤቱ ጉልበት ነው። የመጀመሪያው ዙር ከሁለት በላይ አይችልም። ሁለተኛው ስምንት ይችላል። የተረፈ ወደ ሦስተኛው ይወጣል። ሶዲየም አሥራ አንድ አለው። ሁለት፣ ስምንት፤ ስንት ቀረ?»

«አንድ!» አሉ ባንድ ላይ።

«አንዷ ብቻዋን ዳር ላይ ትዞራለች። ከቤቱ ስለራቀች አጥብቆ አይዛትም። ክሎሪን ደግሞ አሥራ ሰባት አለው። ሁለት፣ ስምንት፣ ሰባት። የዳሩ ዙር ስምንት ሲሆን ነው የሚያርፈው። ምን ጎደለው?»

«አንድ!»

«ሶዲየም ብቻውን ሳለ ቢላ የሚቆርጠው ብረት ነው፤ ውኃ ላይ ብትጥሉት ይነዳል። ክሎሪን ብቻውን ሳለ መርዝ ነው፤ በፈረንጆች ጦርነት ሰው እያፈነ ገድሏል። የዳሯ አንዷ ከዚያ ወደዚህ ስታልፍ ግን ሁለቱም አደብ ይገዛሉ። ማታ እናታችሁ ወጥ ላይ የምትጨምረው ጨው ይሆናሉ።»

መጥረጊያዬን ይዤ ቆምሁ። ሁለት ጊዜ ከአፋፍ የተመለሰችው ደጊቱ ፊቴ ድቅን አለች።

አዝመራው የሚባል ቀልደኛ ተማሪ ነበር፤ ከመስኮቱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ከጎኑ ሸጋ የምትባል፣ አንዴ ከያዘች የማትለቅ ልጅ አለች።

«መምህርት፣ አዲሱ ቤት ባይመቻትስ?» አለች ሸጋ።

«ትኮበልላለቻ!» አለ አዝመራው። «ወደናቷ!» ክፍሉ ተንጫጫ።

«አትኮበልልም» አለች የሻረግ። «አንዴ ካለፈች በኋላ የሚሆነውን ስሙኝ። የሰጠው አንድ ስለጎደለው፣ የተቀበለው አንድ ስለጨመረ፣ ሁለቱ ይሳሳባሉ። አይላቀቁም። ጨውን ጨው አድርጎ የያዘው ያ መሳሳብ ነው።»

«ሰጪው መልሶ ሊወስዳት አይችልም?»

«ይቻላል፤ ግን በዋዛ አይደለም። ጨውን እስኪፈስ በእሳት አቅልጠው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይሰዱበታል። ያን ጊዜ ኤሌክትሮኗ ትመለሳለች። የሚወጣው ግን ያው የሚነደው ብረትና ያው መርዙ ነው። ጨው የለም።»

«እሷስ?» አለች ሸጋ፣ አሁንም አልለቀቀችም። «ኤሌክትሮኗ ራሷ ምን ትላለች?»

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ሰማሁት።

«እሷን ማን ይጠይቃታል?» አለች የሻረግ። «ኤሌክትሮን ተጠይቃ አታውቅም።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ጎንበስ እንዳልሁ ቀረሁ። ቀና ብዬ ብሄድ በመስኮቱ ታየኛለች። ቸርኬዋን የምደውልበት ሰዓት አለፈ። በዘበኝነቴ ሰዓት ያሳለፍሁበት ቀን ያ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ማበጠሪያ አምጥታ በአዝመራው ጎፈሬ ላይ አሸች። ማበጠሪያው የወረቀት ብጥስጣሽ እየሳበ አነሣ። የፀጉሩ ኤሌክትሮኖች ወደ ማበጠሪያው አለፉ፣ አለቻቸው፤ መተሻሸት ብቻውን ካንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል። ጎጆዬ ገብቼ እኔም በተሰበረ ማበጠሪያ ሞከርሁት፤ ከራሴ ላይ የቀረችውን ፀጉር አሽቼ የጤፍ ገለባ አነሣሁ። እግዚአብሔር በማይታይ ነገር ምን ያህል እንደሠራ ሳስብ ገረመኝ። ያን ገለባ እያነሣሁ እየጣልሁ ሳለሁ ሸጋ ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«አያ ደጉ! እንዲህ የሚያበጥሩ ለመምህርት ሠርግ ነው?»

«የምን ሠርግ፣ ልጄ?»

«አልሰሙም እንዴ? አጎት ሆነው! ከፋሲካ ወዲያ እኮ ነው። ጫግኒ ነው የምትሄድብን፣ እዚያው ልታስተምር።»

ማበጠሪያውን ኪሴ ከተትሁ። ከፋሲካ ወዲያ ማለት ዐቢይ ጾም ካለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የምጠርግበት መስኮት የለም።

በጾሙ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቀን፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ እንጅባራ ወጣሁ። መምሬ አድማሴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። በድምፄ ለዩኝ።

«ግዝቴን ይፍቱልኝ ብዬ መጣሁ፣ መምሬ» አልኋቸው።

«ምን አጥፍተህ?»

«እስካሁንስ አላጠፋሁም። ልጄን ልጄ ልላት ነው። ለክንዴ የሰጠኋትን።»

«ከቤቱ ልታወጣት ነው?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! ልትዳር ነው። አንድ ነገር ልነግራት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምኑን ልፍታልህ?» አሉ። «እኔ የገዘትሁህ ከወንድምህ ቤት እንዳታወጣት ነው። አላወጣሃትም። ቃልህን ጠብቀሃል። ሌላ ግዝት የለብህም።»

የአጥሩን ነገር ያን ጊዜ ነገርኋቸው። ተስቦውን፣ ቅሉን፣ ጥሪዋን። ሲሰሙኝ ቆይተው፣

«የታመመ እንዳትጠይቅ ገዘትሁህ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባቴ።»

«ልጅ ስትጠራህ አቤት እንዳትል ገዘትሁህ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ፈርቼ ነው» አልሁ። «ቃሉን እንዳልነካው ብዬ ራቅ አድርጌ አጠርሁበት። ቀጥዬ ደግሞ ከዚያም ራቅ አድርጌ።»

«አዬ ደጉ» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈልገው ዳሰሱኝ። «ያን አጥር እግዜርም አላጠረው፣ እኔም አላጠርሁት። አጥረህ አጥረህ አንተው ውጭ ቀረህ። ምነው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን መጥተህ ብትጠይቀኝ?»

ሲያዳምጥ የኖረ ሰው መጠየቅ አይለምድም። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ የሚፈታ ነገር ሳይኖር፣ «ይፍታህ» አሉኝ። እሳቸውም ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

በማግሥቱ ሳይሆን በሠልስቱ፣ ተማሪው ከተበተነ በኋላ፣ የሻረግ የትምህርት ብልቃጦቿን ከበርሜሉ አጠገብ ስታጥብ አገኘኋት። እኔ በጣሳ ውኃ እቀዳላት ጀመር። በሰው ፊት መምህርት፣ እርስዎ ነበር የምላት።

«ተስቦ የያዘሽ ጊዜ» አልሁ፤ እርስዎው የት እንደጠፋ እንጃ፤ «መጥቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

ጣሳው በእጄ ላይ ቀረ።

«ሲያስሉ ሰማሁዎት። ሳልዎን እኮ አውቀዋለሁ፤ አምስት ዓመት ከጎንዎ ተኝቻለሁ። ‹አባዬ መጣ!› ብዬ ጮህሁ። አባባ ክንዴ ሮጦ ወጣ። ቅል ይዞ ተመለሰ። ‹ማንም የለም› አለኝ። እንደማይዋሸኝ አውቃለሁ፤ ሳሉም የርስዎ እንደሆነ አውቃለሁ።» ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፤ መልሳ ማጠብ ጀመረች። «ባይመጡ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራ ይዞት ነው እል ነበር። እርስዎ ግን መጡ፣ ሰሙኝ፣ ሄዱ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ብዙ አሰብሁበት። አስቤ አስቤ ያገኘሁት አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሲያዩኝ አልፈለጉኝም።»

«አላየሁሽም እኮ! አጥሩ...»

«ሰምተውኛል።»

የግዝቱን ነገር ነገርኋት። የእናቴን ፈሊጥ፣ የፈራሁትን፣ መምሬ አድማሴ ከትናንት ወዲያ ያሉኝን፣ አንድም ሳላስቀር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። አሰማሟ የኔ ነው፤ አንገቷን ወደ ግራ ጣል አድርጋ።

«ግዝቱ እኔ ላይ እንዳይወርድ?» አለች።

«አንቺ ላይ እንዳይወርድ።»

«ልሞት እኮ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ሊወርድብኝ?» ሳቅ ጀምሯት ነበር፤ መካከል ላይ ተሰበረ። በክንዷ ፊቷን ሸፈነች፤ እጇ አረፋ ነበረው።

እኔ ቆምሁ። ልነካት እጄን ዘረጋሁ፣ መለስሁት። ይኸም ልማድ ሆኗል።

«ስለሰጡኝ አልተቀየምሁም» አለች በኋላ። «ልጅ ሳለሁ ተቀይሜ ነበር። ካደግሁ ወዲያ እማማ ደጊቱ ራሷ ሐይቁ ዘንድ ወስዳ ቦታውን አሳየችኝ። ‹በዚህ በኩል ነበር የምገባው፤ አንቺ መጣሽልኝ› አለችኝ። ይህን ሰምቶ ማን ይቀየማል? እኔ የተቀየምሁት አጥሩ ላይ ነው። እዚህ ከመጣሁም ወዲያ። ተማሪውን ሁሉ ልጄ ይላሉ። ያን አዝመራውን እንኳ፣ መስታወት የሰበረ ቀን፣ ‹ምነው ልጄ› ሲሉት ሰምቻለሁ። ለኔ መምህርት።»

«አሁን ነፃ ነኝ» አልኋት። «አንድ ጊዜ ልጄ ልበልሽ?»

ብልቃጡን ከደረቷ ጋር ይዛ ቆየች። ውኃው ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል፤ አላስተዋለችውም። ትፈቅድልኛለች ብዬ ነበር።

«ያን ጊዜ ነበር የፈለግሁት» አለች በመጨረሻ። «አሁን ልጄ ቢሉኝ አቤት አባዬ ልል ነው። አንዴ ካልሁት ደግሞ የሚመልሰኝ የለም፤ ራሴን አውቃለሁ። ቤት ስገባ ለአባባ ክንዴ የምለው ያልቅብኛል። እሱ እኮ ‹አንተን አይደለም› ብዬው እንኳ እጄን አልለቀቀም። አርባ ቀን እጄን ይዞ አስታመመኝ።»

«ደግ አደረገ» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል? እውነትም ደግ አደረገ።

«ሠርጉ ላይ ይምጡልኝ። ግን እንደ አጎት ይምጡ። እማማ ደጊቱ ልቧ ስስ ነው፤ ከርስዎ ጋር ሳለቅስ ካየች ሊወስዱኝ የመጡ ይመስላታል። ይህን አንድ ነገር ይስጡኝ።»

«ይሁን» አልሁ።

«ውኃ ይጨምሩልኝ» አለች። ጨመርሁላት። የቀሩትን ብልቃጦች ሁለታችን አጥበን ጨረስን።

ሠርጉ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሆነ። ክንዴ ትልቅ ዳስ ጥሏል። የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው ሜዳውን ሲያተራምሱት ዋሉ፤ ክንዴ በደስታው ሰክሯል፤ ያየውን ሁሉ «ብላ! ጠጣ!» ይላል። እኔንም አቅፎ ሳመኝና፣ «ደጉ፣ ወንድሜ፣ ይኸን ቀን ያሳየኸኝ አንተ ነህ» ብሎ በጆሮዬ አለቀሰ። ደጊቱ በነጭ ልብሷ መካከል ቁጭ ብላ ነበር። ክንዴ ካገባት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እንደዚያ ቀን አምራ ግን አላየኋትም።

ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ጉልበት ልትስም ተነሣች። መጀመሪያ የክንዴን ጉልበት ሳመች፤ አንሥቶ አቀፋት። የደጊቱን ስትስም ደጊቱ አንገቷን ይዛ አልለቅም አለች፤ ሚዜዎቹ ቀስ ብለው ጣቶቿን አላቀቁ። ከዚያ የወንድ ዘመድ ተራ ነው። ግድግዳውን ተደግፈን ዘጠኝ ሰዎች ተደርድረናል። ከበሩ በኩል ጀመረች። የመጀመሪያው ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ወልደሽ ሳሚ» አላት። «አሜን» አለች። ሁለተኛው፣ «ልጄ፣ ቤትሽ ይሙላ» አላት። «አሜን።» ሁሉም ልጄ ይላታል። ስሟን የማያውቅ የሩቅ ዘመድ እንኳ ልጄ ይላታል። እንዲህ እንደሚባል አውቄ ኖሬ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ!

እኔ ስድስተኛ ነኝ። ጎንበስ አለች። የነጠላዋ ጥለት ጉልበቴ ላይ ወደቀ።

«ልጄ» አልሁ። ድምፄ ደህና ወጣ፤ እንደሌላው ሰው ወጣ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ።»

«አሜን» አለች።

ከሌላው አላስረዘመችም፣ አላሳጠረችም። ወደ ሰባተኛው አለፈች፤ እሱም፣ «ልጄ፣ እድሜሽ ይርዘም» አላት።

መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ የጫግኒን መንገድ ሲይዝ ሰዉ ተከትሎ ወጣ። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ከሙሽራው ወገን የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ እንደኔው እግራቸው የደከመ፣ ከጎኔ ቀርተው ነበር። ጠላ ቀድተው አቀበሉኝና ዓይኔን አዩት።

«አይዞዎት፣ መልካም ቤት ነው የገባችው» አሉኝ። «ለመሆኑ እርስዎ የሙሽራዋ ምኗ ነዎት?»

ጠላውን በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

«የአባቷ ወንድም ነኝ» አልኋቸው።